የአየሁሽ የቆርቆሮ አጥር

የባጃጅ ሾፌሮቹ «መጨረሻ! መጨረሻ!» እያሉ ሲጣሩ ስም ሆኖ ቀረ። በማዘጋጃ ቤቱ ወረቀት ላይ ሰፈሩ ሌላ ስም አለው፤ ረዥምና ቁጥር ያለበት ነው፤ ከነዋሪዎቹ ግን በቃሉ የሚያውቀው የለም። ከገንዳ ውሃ ገበያ ተነስቶ የመተማን አስፋልት ጥቂት የተከተለ ሰው በስተግራ የሚታጠፍ የዋልካ መንገድ ያገኛል። በበጋ ባጃጁ እስከ ውኃ ቦኖው ድረስ ይገባል። ክረምት ሲሆን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ተሳፋሪውን አራግፎ ይመለሳል፤ ሰውም ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ጭቃው እንደ ሌላ ጫማ እግሩ ላይ ተለጥፎበት ቤቱ ይደርሳል። ቦታው የተገኘው በዚሁ በሩቅነቱ ነው። ከተማው መሀል ቤት መሥራት ያልቻሉ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ ዕጣ አውጥተው ተካፈሉት።

አየሁሽ ከእነሱ አንዷ ናት። ከጎጃም፣ ከቋሪት የመጣችው ከባሏ ከደምለው ጋር ነበር፤ ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብለው። አንዱ አጨዳ ሌላውን እየጠራ በዚያው ቀሩ። እሱ በአብደራፊ እርሻዎች ሲያጭድና ሲመነጥር ይከርማል፤ እሷ ገንዳ ውሃ በአንድ መጋዘን ሰሊጥ ታበጥራለች። የሚኖሩት ገበያው ጀርባ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ተደርድረው ከተሠሩ የኪራይ ክፍሎች በአንዱ ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የጎረቤት ሬዲዮ ማለት የእነሱም ሬዲዮ ማለት ነው። አከራይዋ በር ማንኳኳት የሚባል ነገር አታውቅም። መጋረጃውን ገልጣ ትገባለች፣ ማን እንደመጣና ምን እንደተሠራ ታያለች፣ «ምነው ዛሬ ደግሞ ጭሱ በዛ» ብላ ትወጣለች።

ደምለው የሞተው በዚያ ክፍል ነው። በአጨዳ ወቅት የያዘው ትኩሳት እየሄደ እየተመለሰ ቆይቶ ሚያዝያ ላይ ወሰደው። ለቅሶ የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረም። የመጋዘን ጓደኞቿ በየክፍሉ ደጃፍ ተጠጋግተው ቆሙ፤ ተከራዮቹ ባልዲ ይዘው በመካከላቸው ይተላለፋሉ። አከራይዋ ከኋላ ሆና፣ «እንግዲህ ለሥልስቱ ብቻ ነው፤ የሚተኛ ሌላም ሰው አለ እኮ» አለች። አየሁሽ ያን ጊዜ እንባዋን ዋጠች። ከዚያ በኋላም የምታወጣበት ቦታ አላገኘችም። ስታበጥር ትውላለች፣ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች፣ በሩን ከውስጥ ትቀረቅራለች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ሰው ዘው የማይልበት የራሷ ግቢ።

ስለዚህ ዕጣው ሲደርሳት ሰው ሁሉ ስለ ቤቱ ሲያስብ እሷ ያሰበችው ስለ አጥሩ ነው።

ቤቱ ቀድሞ ቆመ። አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። የመጀመሪያውን ዓመት ያለ አጥር ኖረች። በስተሰሜን ጎረቤቷ ባየልኝ የትራክተር ኦፕሬተር ነው፤ አፉ ሥራ የማይፈታ፣ የዳባት ልጅ። ሚስቱ ውባንች ከእሱ ትብሳለች እንጂ አታንስም። በስተደቡብ ደግሞ እማማ ዘሀቢያ ከልጃቸው ከኡመይር ጋር ይኖራሉ። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ድንበሩ ላይ የነበረው የኡመይር ሱቅ ገበያ ሲያጣ፣ እናትና ልጅ ከመተማ ዮሐንስ ተነስተው ወደዚህ መጡ። እማማ ዘሀቢያ ገና ቤታቸው ሳይመረግ ደጃፋቸው ላይ ዚር አቆሙ። ዚር እንደ ጋን ያለ ትልቅ የሸክላ ዕቃ ነው፤ በእንጨት እግር ላይ ይቀመጥና ውኃ ይሞላል። መንገደኛ ሁሉ በጣሳ እየቀዳ ይጠጣል፤ ፈቃድ አይጠይቅም። ከባጃጅ የወረደ ሰው ቤቱ ከመግባቱ በፊት እዚያ ጎራ ይላል። አየሁሽም ከመጋዘን ስትመለስ የሰሊጥ አቧራውን ከጉሮሮዋ የምታወርደው በዚያ ውኃ ነበር።

የሰፈሩ አጥር የማሽላ አገዳ ነው። አንዳንዱም ጨርሶ የለውም። አየሁሽ ግን በታኅሣሥ፣ የመጋዘኑ ሥራ በደራበት ጊዜ፣ ያጠራቀመችውን ሁሉ ቆርቆሮ ገዛችበት። ግቢዋን በአራቱም ማዕዘን ከሰው ቁመት በላይ አሳጠረች። ሚስማሩን የመታላት ባየልኝ ነው።

«አየሁሽ፣ ባንክ ልትከፍቺ ነው እንዴ? ንገሪኛ፣ እኔም ጥበቃ ልቀጠር!»

«አንተ ዝም ብለህ ምታ። ይልቅ ቀስ በል፣ ትራክተርህ መሰለህ እንዴ እንዲህ የምትወቅጠው?»

«ትራክተርስ ስትመታ ትነሳለች። ይሄ ይጣመማል እንጂ መቼ ይነሳል!»

ሁለቱም የደጋ ልጆች ናቸው። ደጋ ላይ አጥር ማለት ብርድ የሚመልስ፣ ጅብ የማያሳልፍ ነገር ነው፤ በወፈረና በረዘመ ቁጥር ይመሰገናል። ቆላ ላይ ሌላ ነገር ሊሆን እንደሚችል ለአንዳቸውም አልመጣላቸውም።

የደቡቡ ወገን ሊያልቅ ሲል እማማ ዘሀቢያ መጡና ጥቂት ቆመው አዩ።

«የኔ ልጅ» አሉ፣ «ከላይ ከላይ እንኳ ትንሽ ክፍት ብትተዪለት። ነፋሱ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው።»

«እሺ እማማ፤ ለባየልኝ እነግረዋለሁ።»

አልነገረችውም። የአከራይዋ እጅ መጋረጃውን ሲገልጥ ታያት። ‘እኚህም ማየት ፈልገው ነው’ አለች በልቧ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የኖረችው እንደ ንግሥት ነው። ግቢዋ መሀል ፀጉሯን ታጥባ ገላልጣ ታደርቃለች። ልብሷን እንዳሻት ታሰጣለች። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም ሳታስበው፣ የደምለውን አሮጌ ሸሚዝ አጥባ ገመድ ላይ ስትዘረጋ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ማንም ዘው አላለም። ማንም «ለሥልስቱ ብቻ» አላላትም። ፊቷን ታጥባ ስትቀመጥ ቀለል አላት፤ ቆርቆሮውን አየችና «ተባረክ» አለችው፣ እንደ ሰው።

መጋቢት ገባ። በዚያ አገር መጋቢት ሲገባ ሰው ቤቱን ትቶ ይወጣል። የገመድ አልጋውን ግቢው መሀል ያወጣና እስከ ክረምት መግቢያ ውጭ ይተኛል። ምሽት ላይ ከሰሜን የሚነሳውን ነፋስ የሚጠብቁት እንደ እንግዳ ነው፤ ሲዘገይ ይወራለታል። አየሁሽ ግን በኪራይ ቤት ልማዷ በሩን ቀርቅራ ውስጥ ትተኛ ስለነበር የነፋሱን ነገር ልብ አላለችም። ሙቀቱ ሲብስባት «ዘንድሮ ጉድ ነው» ትልና ውኃ በላይዋ ትደፋለች።

አንድ ቀን ሲመሻሽ በሯ ተንኳኳ። ኡመይር ነበር። እዚሁ ሰፈር የከፈተውን ሱቅ ዘግቶ መምጣቱ ነው፤ ቁልፉ እጁ ላይ አለ።

«እንደምን አመሸሽ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው፣ ደህና ነው?»

«እናቴ ትንፋሽ እያጠራት ነው። አስም እንዳለባት ታውቂያለሽ። በዚህ ወር ውጭ ካልተኛች አይሆንላትም፤ ውጭ ስትተኛ ደግሞ ነፋሱ ቆሟል። በእኛ በኩል ያለውን ወገን ትንሽ ብትቀንሽልን ብዬ ነው።»

«ነፋሱን ያቆምኩት እኔ ነኝ?»

«አንቺ አላልኩም። ቆርቆሮው ነው።»

«ቆርቆሮው የማን ነው ታዲያ?»

ኡመይር ቁልፉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እንግዲያው እኔን ነው ያልከው። ስማ ኡመይር፣ ዕድሜዬን በሰው ግቢ ጨርሻለሁ። አሁን በራሴ ግቢም አጥርሽን አውርጂ ልባል?»

«ወላሂ ለጠብ አልመጣሁም።»

«እኔም ጠብ አልፈልግም። ደህና እደር።»

በሩን ስትዘጋው ቆርቆሮ ስለሆነ ጮኸ። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ ቦኖው ላይ ጀሪካን ይዛ ስትደርስ ወሬው ቆመ። ውባንች ዝምታ አትችልምና፣ «አሳልፏት፣ አሳልፏት! ባለ ቆርቆሮዋ ቶሎ ትመለስ፣ ግቢዋን እንዳይሰርቁባት!» አለች። ሴቶቹ ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን አየሁሽም መልስ አታጣም ነበር። ያን ቀን ጀሪካኗን ሞልታ፣ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ወደ ዚሩም ጎራ ማለት ተወች።

እማማ ዘሀቢያ የገመድ አልጋቸውን ከግቢያቸው አስወጥተው መንገዱ ዳር አስቀመጡ። እዚያ ነፋስ አለ፤ ነገር ግን ጭነት የያዘ ትራክተር ባለፈ ቁጥር የዋልካው አቧራ ይነሳና በላያቸው ይወርዳል። አየሁሽ ሥራ ስትሄድና ስትመለስ በአጠገባቸው ታልፋለች። «እንዴት ዋሉ?» ትላለች። «አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት ዋልሽ» ይሏታል። ከዚያ አያልፍም።

አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ የባጃጅ ድምፅና የእግር ኮቴ ሰማች። በቆርቆሮው ስንጥቅ ብታይ ኡመይር እናቱን ደግፎ ሲያሳፍር፣ ባየልኝ ትራሱን ሲያቀብል፣ ውባንች ነጠላዋን እያጣፋች አብራ ስትገባ አየች። ወደ ጤና ጣቢያ መሄዳቸው ነው። ሰፈሩ ግማሹ ወጥቶ ቆሟል። የእሷን በር ግን ማንም አላንኳኳም። ስትመኘው የኖረችው ይኸው ነበር። እጇ መቀርቀሪያው ላይ እንዳለ ባጃጁ ሄደ።

እማማ ዘሀቢያ በማግስቱ ተሽሏቸው ተመለሱ፤ ወደዚያው መንገድ ዳር። አየሁሽ በዚያው ሳምንት ገበያ ላይ አንድ ደላላ አገኘች። «መጨረሻ ላይ ቤት የሚፈልግ ይኖራል?» አለችው። «አጥር አለው?» አላት። «አለው» አለች። «እንግዲህ ላስብበት» ብላ ሄደች። ቢሸጥ የምትመለሰው ወደ ኪራይ ክፍል፣ ወደ መጋረጃው ነው። ባይሸጥ ደግሞ ሰው ባኮረፋት ሰፈር መሀል ብቻዋን ልትኖር ነው።

የመጋዘን ሥራ ሲያልቅ ለአበጣሪ ሴቶች የሚሰጥ ነገር አለ፤ የወለል ጥራጊ። ሰሊጡ ተጭኖ ከሄደ በኋላ ከወለሉ የሚጠረገው፣ አቧራና ገለባ የበዛበት ሰሊጥ ነው። ሴቶቹ ተካፍለው ወደየቤታቸው ይወስዱና አበጥረው ያጠሩታል። ከውስጡ ደህና የቤት ዘይት ይወጣል። አየሁሽ ድርሻዋን በጆንያ ይዛ ገባች። ቅዳሜ ፀሐይዋ ስትበርድ ግቢዋ መሀል ሸራ አነጠፈች፣ ሰፌዷን ሞላች፣ ከፍ አድርጋ አፈሰሰች።

ገለባው ከሰሊጡ ጋር አብሮ ወረደ። አቧራው ተነስቶ ፊቷ ላይ ተመለሰ።

ዞራ ቆመች፤ እንደገና አፈሰሰች። ያው ነው። ወደ ቤቱ ጥግ ሄደች፣ ወደ በሩ ተጠጋች። ዓይኗን አቧራ ሞላው፣ አስነጠሳት፣ ሸራው ላይ ገለባና ሰሊጥ ተደበላልቆ ተቀመጠ። አየሁሽ ነፋስ ታውቃለች። የኖረችበት ሥራ ነው። የመጋዘኑ ሴቶች ጠዋት ሲገቡ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቁት በየትኛው በር በኩል እንደሚገባ ነው። ነፋስ የሌለበት ቦታ ሰፌድ የሚያነሳ አበጣሪ የለም። ቀና ብላ አየች። ከአጥሩ በላይ፣ በባየልኝ ግቢ ውስጥ ያለችው የኒም ዛፍ ቅርንጫፏ ይወዛወዛል።

ባልዲዋን ገልብጣ ቆመችበትና እጇን ከቆርቆሮው በላይ ዘረጋች። ነፋሱ መዳፏን መታው። እጇን ዝቅ አደረገች፤ የለም። ከፍ አደረገች፤ አለ። ባልዲውን ወደ ደቡቡ አጥር አዛወረችና እንደገና ወጣችበት። ከዚያ ፊቷን ወደ ደቡብ፣ ወደ ዘሀቢያ ግቢ መለሰች። የገመድ አልጋው የነበረበት ቦታ፣ አራቱ እግሮች መሬቱ ላይ የተዉት ምልክት ገና አልጠፋም። ልክ ከአጥሯ ሥር ነው።

ወርዳ ጆንያዋንና ሰፌዷን ይዛ ወጣች። መንገዱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ሸራዋን አንጥፋ አፈሰሰች። ገለባው ተነስቶ ሄደ፤ ሰሊጡ ነጭ ሆኖ እግሯ ሥር ወረደ። ያን ያህል ካየች በኋላ ሰፌዱን አስቀመጠች። ወደ ዚሩ ሄዳ በጣሳው ቀዳችና ጠጣች።

ውኃው ለብ ብሏል።

እማማ ዘሀቢያ አልጋቸው ላይ በክርናቸው ደገፍ ብለው ያዩአታል።

«እማማ፣ ውኃው ሞቋል።»

«ከሞቀ ሰነበተ። ዚር ነፋስ ካልነካው ምን ያቀዘቅዘዋል?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬሽ ነበር። ያን ጊዜ ባየልኝ ሚስማር ይመታል፣ አልሰማሽኝ ይሆናል።»

«ሰምቻለሁ» አለች አየሁሽ። ጣሳውን በሁለት እጇ ይዛዋለች። «ግቢዬን ለማየት የፈለጉ መስሎኝ ነው።»

እማማ ዘሀቢያ ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ዞረ፤ ሳሉ እስኪያልፍ በእጃቸው ‘ቆዪ’ አሏት።

«ያንቺን ግቢ? አንድ ሰፌድና አንዲት ዶሮ ለማየት?»

«ኧረ ዶሮም የለኝ!»

«ይኸው፣ አሁን ሳላይ አወቅሁት።»

አየሁሽ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች። ስለ አከራይዋ ነገረቻቸው፣ ስለ መጋረጃው፣ ደምለው የሞተ ቀን ሰዎች ባልዲ ይዘው በለቅሶው መሀል ስለ ማለፋቸው። ለማንም ነግራው አታውቅም ነበር። አሮጊቷ ሳያቋርጡ ሰሟት።

«እንግዲህ ስሚኝ» አሉ በመጨረሻ። «ሁሉንም አታውርጂው። ብቻዋን ለምትኖር ሴት መከለያ ያስፈልጋታል፤ እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ አይቼዋለሁ። የመንገዱ በኩል ይቆይልሽ። በእኔና በባየልኝ በኩል ያለውን አገዳ አድርጊው። አገዳ ዓይን ይከለክላል፣ ነፋስ ያሳልፋል። ቆርቆሮ አጥተን መሰለሽ እኛ?»

አየሁሽ በዚያው እግሯ ወደ ባየልኝ በር ሄደች።

«መዶሻህን አምጣ፤ አሁን የምፈልገው መንቀያውን ነው።»

«ምነው፣ ባንኩ ከሰረ?»

«ቅርንጫፍ ልከፍት ነው። አገዳስ ከየት ታመጣልኛለህ?»

እሑድ ባየልኝ በትራክተር ተጎታች የማሽላ አገዳ ጭኖ መጣ። ኡመይር ሳይጠሩት እጅጌውን ሰብስቦ ገባ። ከአየሁሽ ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ።

«ያን ለታ ክፉ ተናገርኩህ» አለች።

«በሩ ነው የተናገረው፤ አንቺማ ደህና እደር ነው ያልሽኝ» አለና ጉጠቱን አነሳ።

የተነቀለው ቆርቆሮ መንገዱ ዳር ተከመረ። ባየልኝ መልሳ እንድትሸጠው መከራት። አየሁሽ ግን ዓይኗ ቦኖው ላይ ነበር፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። «እዚያ ላይ ጣሪያ ይሁን» አለች። ኡመይር ከሱቁ ጀርባ የነበሩትን ቋሚ እንጨቶች አመጣ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦኖው ዳስ ነበረው፤ ግድግዳ የለውም፣ ነፋሱ ከዳር እዳር ያልፍበታል። ውባንች ጥላው ሥር ገብታ ወገቧን ያዘች።

«እንግዲህ ባለ ቆርቆሮዋ ሁላችንንም ባለ ቆርቆሮ አደረገችን! ማነው ከእንግዲህ ማንን የሚሳደበው?»

«አንቺ ታገኚያለሽ» አለች አየሁሽ፤ ሴቶቹም ሳቁ፤ እሷም አብራ።

በዚያው ምሽት የእማማ ዘሀቢያ አልጋ ወደ ግቢያቸው ተመለሰ፤ አራቱ እግሮች የድሮ ምልክታቸው ላይ አረፉ። አየሁሽ ደግሞ ከውባንች አልጋ ተውሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አወጣች። ደላላው በሳምንቱ ገበያ ላይ ቢያገኛት፣ «አስበሽ ጨረስሽ?» አላት። «ጨርሻለሁ» አለችው። «የማይሸጥ ነው።»

ሚያዝያ ላይ ደምለው የሞተበት ዕለት ደረሰ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስማ ተመለሰች፤ ድግስ የለ፣ ሰው አልጠራች። ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ከሳጥን አወጣች። ነፋሱ በአገዳው መሀል ይሰማል፤ የደረቁት ቅጠሎች ይንሿሿሉ። ሰው እንደሚሰማት ታውቃለች፤ ቢሆንም አልዋጠችውም፤ አለቀሰች።

ከአጥሩ ማዶ የአልጋው ገመድ ሲጮህ ተሰማ። ከዚያ የሽበሽብ፣ የላስቲክ ነጠላ ጫማ ኮቴ፣ ቀስ ብሎ ወደ በሯ ዞሮ መጣና ቆመ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የሚገፋው ግን የለም።

«አየሁሽ» አሉ እማማ ዘሀቢያ ከውጭ። «ልግባ ወይስ ልተውሽ?»

አየሁሽ ሸሚዙን ጉልበቷ ላይ አኖረች። በዚህ አገር በኖረችባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው ታስታውስ እንደሆነ ፈለገች፤ አጣች።

«ይግቡ እማማ፤ ይግቡ።»

ገቡ። አልጋው ላይ ከጎኗ ተቀመጡ፤ ስለ ሟቹ አልጠየቁም፣ «ተይ አታልቅሺ»ም አላሏትም። በእጃቸው ጣሳ ይዘው ነበርና አቀበሏት። አየሁሽ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠርጋ ጠጣች።

«ቀዝቅዟል?» አሏት።

«ጥርስ ያማል» አለች አየሁሽ፤ ጣሳውንም እስከ ታች ጨረሰችው።